ቁልቁለት የሚቀልባት

አባቴ ሙሄ እንድሪስ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ በጆሮው የሚቆጥር፣
አንዲት አረንጓዴ ፔጆ አለችው፣ ሸራ የለበሰች፣ ከቀጋው አጥር።
አራት መቶ አራት። ታርጋዋ ላይ «ወሎ» ከሚለው «ወ» ብቻ ቀርቷል፤
የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ታቅፋ፣ ጫጩት ተፈልፍሎ፣ አድጎ፣ ተሸጧል።
ማርሿ መሪው ሥር ነው፤ ሦስተኛው እምቢ ይላል ካልለመኑት፣
«ቢስሚላህ» ብለው በመዳፍ ሥጋ ቀስ አድርገው ካልገፉት።

ሽቅብ ስትመጣ ትፈላለች። ስትፈላ ትቆማለች። ሰው ሁሉ ይወርዳል፤
አንዱ ጎማ ሥር ድንጋይ ያስገባል፣ አንዱ ከምንጭ ውሃ ይቀዳል፤
እስክትበርድ ወግ ነው። ደሴ ሲደርሱ
ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አማች ሆነው ወረዱ ይባላል፣ እኔ አላየሁም።

ቁልቁል ግን ሌላ ነው። ፍሬኗ ሲግል የተቃጠለ ቀንድ ይሸታል፤
አባቴ በማርሽ ይዟት፣ ጥርሱን ነክሶ፣ በየዙሩ ጥሩንባ ይነፋል።
ጥሩንባዋን ያውቁታል፤ አህያ ነጂው፣ ሸንኮራ ሻጯ፣ ማሽላ ጠባቂው፣
«ሙሄ መጣ» ብለው ከገደሉ ሸሽተው ግድግዳውን ይጠጋሉ በየፊናው።
ሠላሳ አንድ ዓመት። አንድ ሰው አልጣለም። ጉልበቱ ግን እዚያ ቀረ፤
ዛሬም ደረጃ ሲወርድ ቀኝ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል፣ አየር ላይ እየዳከረ።

ባለፈው መስከረም ፉአድ፣ የእህቴ ልጅ፣ ነጭ መኪና ገዝቶ ገባ፤
ድምፅ የላትም፤ ዶሮዋ አልበረገገች፣ የጎረቤት ውሻ አልጮኸ፣ ሰተት አለች እንደ ሌባ።
አባቴ ዞራት። ጎማዋን በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረጋት፤
ኮፈኗን አስከፈተ። ካርቡራቶር የለ፣ ካንዴላ የለ፣ «ሆዷን ማን ዘረፋት?»
«ባትሪ ነው አብየ፣ ከወለሉ ሥር።» «ቤንዚንስ?» «አትቀምስም።» «ጾመኛ ናት በለኛ!»
ከመሪው ጎን የሚያበራውን ሰሌዳ በጣቱ ነካ፤ መለሰለት በቻይንኛ።

ወረድን። እኔ ከኋላ፣ እሱ ከፊት፣ ቀበቶው ደረቱን እንደ ጥጃ አስሮት፤
ጭጋግ ከጦሳ ወርዶ የመንገዱን ጠርዝ ግማሹን በልቶት።
አንደኛው ዙር ላይ ቀኝ እግሩ ወለሉን ረገጠ፤
ሦስተኛው ላይ እጁ ማርሽ ፍለጋ ሄዶ ባዶ ጨበጠ።
«ሞተሩን አጠፋኸው እንዴ?» «አላጠፋሁትም።» «ታዲያ ማን ይዟታል?»
«ራሷን ትይዛለች። ቁጥሩን እየው፤ ስትወርድ ባትሪዋ ይሞላል።»
ከላይ ስልሳ አንድ ነበር። ስልሳ ሁለት። ስልሳ ሦስት። ሽታ የለም፣ ጭስ የለም፤
አባቴ እንደ ልጅ ፈተና ውጤት ቁጥሩን ያያል፤ ወደ ገደሉ አንዴም አልዞረም።

ስልሳ አራት ላይ፣
ቦርከና ከታች ብልጭ ሲል፣
ለማንም ሳይሆን እንዲህ አለ፦
«እኔን ቁልቁለት ጨረሰኝ፤
እሷን ቁልቁለት ይቀልባታል።»

ፉአድ አልሰማውም። ከፊታችን እንጨት የተጫኑ አህዮች፣ መንገዱን ሞልተውት፤
ነጂው ሽቦ ጆሮው ውስጥ ሰክቶ፣ መንዙማው ልቡን ወስዶት።
ፉአድ ጥሩንባዋን ነካ፤ «ጭው» አለች፣ እንደ ጫጩት፤ አንዱ አህያ ጅራቱን አወዛወዘ፤
አባቴ መስኮቱን አወረደ፣ ግማሽ አካሉ ወጣ፣ የሠላሳ አንድ ዓመት ትንፋሽ ጉሮሮው ላይ ያዘ፦

«ፓ ፓ ፓ — ፓ! ከገደሉ ዞር በል! ሙሄ ነኝ!»

አህዮቹ ግድግዳውን ተጠጉ። ነጂው ሽቦውን ነቀለ፤
ከላይ፣ ከማሽላው ማማ፣ አንድ የቆየ ድምፅ «ሙሄ! አለህ?» አለ።

ያን ሰሞን መብራት ጠፋ፤ ነጯ መኪና ግቢያችን ተገተረች ሦስት ቀን፤
ፔጆዋን ልናስነሳ ብንል ማኖቬላው እጃችን ላይ ተሰበረ፤ ሳቅን።
ሁለቱ ጎን ለጎን አደሩ። ዝናብ ሲመጣ
አባቴ ወጥቶ አንዱን ሸራ ለሁለቱም ሊያደርስ ሲጎትት አየሁት።
አልደረሰም።

አሁን ፉአድ ኮምቦልቻ ሲወርድ መጀመሪያ የአባቴን በር ያንኳኳል፦
«አብየ፣ ባትሪው ደህና ነው፤ ጥሩንባ ይጎድላል።»
አባቴ ኮፍያውን ያነሳል። ደረጃውን ይወርዳል።
ቀኝ እግሩ አየር ይረግጣል።